ከኢላማው ጀርባ ማን አለ?

ሰሞኑን ኢንቦክሴ በጠመንጃ ተሞልቷል። አትደንግጡ፣ በፎቶ ነው። ሚኒሶታ ያለ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ቅዳሜና እሁድ ኢላማ የምተኩስባት ርካሽ ትንሽ ጠመንጃ ልገዛ ነው፣ የትኛዋ ትሻለኛለች?» ይላል። እዚሁ አምቦ ያለው ጓደኛው ደግሞ «እሱ ሲመጣ ለእኔም አንድ ይዞልኝ ይምጣ፤ ሁሉቃ ዳር ጣሳ ደርድረን እንዝናናለን» ብሎ ጽፎልኛል። «የአየር ጠመንጃ የሚባል ነገር እኮ አለ» ብዬ ብመልስ፣ ሦስተኛው «ኧረ ቲቸር! እሱማ የሕፃን መጫወቻ ነው፤ የዐድዋ ልጅ በአየር ጠመንጃ?» ብሎ የሳቅ ምልክት አዥጎደጎደብኝ።

ሦስቱንም ስለምወዳቸው ሦስቱንም ላስቀይማቸው ነው። ኢንቦክስ ውስጥ አንድ በአንድ ከምንጨቃጨቅ ሁሉም እዚህ ያንብበው። ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር፣ ማለፍ የሚፈልግ እንዲያልፍ። ለመዝናኛ ጠመንጃ የሚመርጥ ሰው ዋጋና መልክ ከማየቱ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ጥይቱ ኢላማውን ስቶ ወይም በስቶ ካለፈ በኋላ የት ይቆማል? መልሱን የማያውቅ ሰው ገና ጠመንጃ የመምረጥ ደረጃ ላይ አልደረሰም። በዚህ መለኪያ ደግሞ አምቦም፣ ጉደርም፣ ጊንጪም፣ ገዶም ውስጥ ያቺ «ትንሿ ጠመንጃ» ቦታ የላትም። በቃ።

ጥፋቱ የሚጀምረው «ትንሽ» ከሚለው ቃል ነው። ፖይንት 22 የምትባለው ጥይት ውፍረቷ 5.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከምትጽፉበት እርሳስ ትቀጥናለች። አረሯ 2.6 ግራም ገደማ ትመዝናለች። መዳፍ ላይ ስትቀመጥ የምር መጫወቻ ትመስላለች። ግን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩላችሁን አስታውሱ፦ ካይነቲክ ኢነርጂ ማለት ማስ ሲባዛ በፍጥነት ካሬ፣ ሲካፈል ለሁለት። ቀስ ብለው የሚሄዱት የዚህ ጥይት ዓይነቶች በሰከንድ 330 ሜትር አካባቢ ይጓዛሉ። አስሉት፣ ወደ 140 ጁል ይመጣላችኋል። የክላሽ ጥይት 8 ግራም ገደማ ሆኖ በሰከንድ 715 ሜትር ይወጣል፤ እሱ ወደ 2,000 ጁል ነው። የውድድር አየር ጠመንጃ ደግሞ ግማሽ ግራም ያህል የእርሳስ ፍሬ በሰከንድ 170 ሜትር አካባቢ ይገፋል፤ 7 ወይም 8 ጁል።

እንግዲህ ሰው «ትንሽ ናት» የሚለው 140ን ከ2,000 ጋር አስተያይቶ ነው። ከአየር ጠመንጃዋ 18 እጥፍ ያህል እንደምትበልጥ አይነግራችሁም። እኛ ሀገር ክላሽ የሁሉ ነገር መለኪያ ሆኖ ዓይናችን ተበላሽቷል እንጂ፣ የሰው ሆድ ዕቃ ንጽጽር አያውቅም። 140 ጁል ለሰው ከበቂ በላይ ነው። በዚህች ጥይት ስንቱ እንደሞተ አሜሪካ ያሉትን ሐኪሞች ጠይቁ።

ርቀቱን ደግሞ ጨምሩበት። አፈሙዙ ትንሽ ቀና ካለ ይህች «መጫወቻ» ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። አሁን ሁሉቃ ዳር ቁሙና በየትኛውም አቅጣጫ 1 ኪሎ ሜትር ቆጥራችሁ ሰው የሌለበት አሳዩኝ። ልብስ የሚያጥቡ አሉ፣ ከብት የሚያጠጡ አሉ፣ ከትምህርት የፎረፉ የኔው ተማሪዎች አሉ (አውቃችኋለሁ)። ከዚያም በላይ ውኃና ድንጋይ ለዚህች ጥይት የመጨረሻ መጥፎ ቦታዎች ናቸው። እርሳሷ ለስላሳ ነች፣ ዘመም ብላ ውኃ ከነካች ጠፍጣፋ ድንጋይ ውኃ ላይ ስትወረውሩ እንደሚነጥረው ነጥራ ትሄዳለች፤ ወዴት እንደምትሄድ የሚያውቅ የለም። የወንዝ ድንጋይ ላይ ጣሳ ደርድሮ መተኮስ ማለት ጥይቷን «ወደፈለግሽበት ሂጂ» ብሎ መልቀቅ ነው።

«ጫካ እንገባለን» የሚልም አይጠፋም። ከጫካው ጀርባ እረኛ አለ። እኛ አካባቢ ሰው የሌለበት ገደል እንኳ ማር ቆራጭ አለበት።

ይህ ነገር ሠርግና ለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ የሚያንጣጡትንም ይመለከታል። ወደ ላይ የሄደ ይወርዳል፤ ይህን ለማወቅ ኒውተን መሆን አያስፈልግም። የሠርጉ ባለቤት ግን ጥይቱ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ዘፈኑ ስለሚጮህ አይሰማውም። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ስለተባለ ልለፈው።

አሁን ከፊዚክስ ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ድምፁ።

አሜሪካ ያለኸው ልጄ፣ አንተ ያለህበት ቦታ ቅዳሜ ጠዋት የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ሰው «ጎረቤቴ እየተዝናና ነው» ይላል። አምቦ ላይ ድምፁ ሲሰማ እናት መጀመሪያ የምታደርገው ልጆቿን መቁጠር ነው። በሚያዝያ 2006 ተማሪዎች ተቃውሞ ሲወጡ በዚህ ከተማ የተተኮሰውን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ እዚያው ነበራችሁ። ከዚያ በኋላ የመጡትን ዓመታትም ታውቃላችሁ። የዚህች ከተማ ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 አዲስ አበባ ላይ በጥይት ሲገደል እዚህ ስንት ቤት ስንት ቀን እንዳልተኛ ታውቃላችሁ። ይህ ሁሉ ባለበት ከተማ «ለመዝናናት ነው የተኮስኩት» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምመልስለት ይጠፋኛል። የፖይንት 22 ድምፅ ከክላሽ ያንሳል፣ እውነት ነው። ግን ሦስተኛ ሰፈር ያለች እናት በድምፁ ካሊበር አትለይም፤ ልትለይም አይገባትም።

ሕጉም አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝንም፣ ማዘዋወርንም፣ ወደ ሀገር ማስገባትንም ይከለክላል። «ትንሽ ናት»፣ «ለስፖርት ነው»፣ «ከአሜሪካ በስጦታ የመጣች ናት» የሚሉት ፈቃድ አይሆኑም። ከዚያኛውም ወገን ሕግ አለ። ከአሜሪካ ጠመንጃ አውጥቶ ሌላ ሀገር ላለ ሰው መስጠት የኤክስፖርት ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፤ በጓደኛ ገንዘብ ለጓደኛ እየገዙ «ለራሴ ነው» ብሎ ፎርም መሙላት ደግሞ ለብቻው ወንጀል ነው። አንድ ጣሳ ለመምታት ሁለት ሀገር ላይ መከሰስ! እንዲህ ያለ ሒሳብ እኔ አላስተማርኳችሁም።

ስለዚህ ለአምቦው ልጅ መልሴ አጭር ነው፦ አይሆንም። አኩርፍ።

ለሚኒሶታው ልጅ ግን መልሴ ሌላ ነው፣ ምክንያቱም ለዚያች ጥያቄ እሱ መልስ አለው። እሱ ያለበት ሀገር የመተኮሻ ሜዳ አለ፤ ከኢላማው ጀርባ ጥይት የሚያቆም የአፈር ክምር አለ፤ «ተኩስ አቁም» ሲል ሁሉም የሚታዘዘው ኃላፊ አለ። በዚህ ሁኔታ ኢላማ መተኮስ እንደ ቦውሊንግ ያለ ጨዋታ ነው፣ የምቃወምበት ምክንያት የለኝም። ስለዚህ በደንብ ልምከርህ።

ጠመንጃ ከማየትህ በፊት የመኖሪያ ወረቀትህን እይ። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች ካልሸፈኑት በቀር፣ በፌዴራሉ ሕግ ጠመንጃ መያዝ አይፈቀድለትም። ዲቪ ደርሶህ ግሪን ካርድ ይዘህ ከሆነ ሌላ ነው። «ሻጩ ምንም አላለኝም» ብሎ ነገር ፍርድ ቤት አያድንም፤ ከዲፖርቴሽን ጋር ደግሞ ቀልድ የለም።

ወረቀቱ ካለቀ፣ አትቸኩል። የሀገሩ ልጆች የሚያሳዩህ ሩገር 10/22 ከ1964 ጀምሮ የሚሠራ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ማርሊን ሞዴል 60ም እንደዚሁ ስመ ጥር ነው። ሁለቱም ግን ቃታ በተሳበ ቁጥር ራሳቸው ቀጣዩን የሚያጎርሱ ናቸው። ለጀማሪ እነሱን አልመክርም። ለምን? አስር ጥይት በአስር ሰከንድ ትጨርስና አንዱም ምን እንደሆነ ሳታውቅ ወደ ቤት ትሄዳለህ። መቀርቀሪያውን በእጅ የምትስበውን ዓይነት ግዛ፤ ሳቬጅና ሌሎችም ከሁለት እስከ ሦስት መቶ ዶላር አካባቢ ይሠሩታል። ካዝና ቢኖራትም አንድ አንድ እያጎረስክ ተኩስ። በእያንዳንዱ ጥይት መካከል መቀርቀሪያውን ስትስብ የምታገኛት አምስት ሰከንድ ናት ትምህርቱ። እዚያች ላይ ነው «ለምን ወደ ግራ ሄደብኝ?» ብለህ የምታስበው።

ቴሌስኮፕ አትግዛ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በብረቱ ማነጣጠሪያ ተማር፤ የፊቷን ጫፍ ከኋለኛዋ ክፍተት መሐል አስገብቶ ማቆየት መጀመሪያ ያበሳጫል፣ በኋላ ሱስ ይሆናል። ሰደፉ ትከሻህ ላይ ገጥሞ፣ ጉንጭህ ሳይንጠራራ ዓይንህ ማነጣጠሪያው ላይ የሚያርፍ ከሆነ ያች ያንተ ናት፤ ካልሆነ ግማሽ ዋጋ ቢሉህም ተዋት። ቃታዋን አስፈቅደህ ሞክራት። ሳትንገራገጭ፣ እንደ ብርጭቆ ስብራት «ቀጭ» ካለች ጥሩ ነው። ግን ጠይቀህ ነው የምትሞክረው፤ ይህች ጥይት መለኮሻዋ ከቀለሁ ጠርዝ ዙሪያ ስለሆነ አንዳንድ አሮጌ ጠመንጃዎች ባዶአቸውን ቃታ ሲሳብባቸው መምቻው የክፍሉን ከንፈር ይጎዳል። የዚህ ዓይነት ጥይት አንዳንዴ እምቢ ይላል። እምቢ ሲልህ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳቀናህ 30 ሰከንድ ቁጠር፣ ከዚያ ነው የምትከፍተው። ልብ በል፣ አፈሙዙን ወደራስህ አዙረህ «ምን ሆነሽ ነው?» ብለህ አትጠይቃት።

ከተመደበልህ ገንዘብ ግማሹን ለጠመንጃው፣ ግማሹን ለጥይት፣ ለጆሮ መሸፈኛና ለዓይን መነጽር አድርገው። ሁለት ሦስት ዓይነት ጥይት ባለ 50 ባለ 50 እየገዛህ ሞክር፤ አንዱን ጠመንጃ የሚያስደስተው ጥይት ሌላውን ላያስደስተው ይችላል። ጥይቷ ከ50 ሜትር ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ትወድቃለች፤ 330 ሜትር በሰከንድ ብለህ ራስህ አስላው፣ የአየሩ ግጭት ደግሞ ትንሽ ይጨምርባታል። ማነጣጠሪያህን የምታስተካክለው ለዚህ ነው። ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ እርሳስ መርዝ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ሕፃን ካለ፣ ወይም የሚከፋው ሰው ካለ (ይህን ያልኩት አውቄ ነው፣ በስደት ብዙ ሰው ይከፋዋል)፣ ጠመንጃው ተቆልፎ፣ ጥይቱ ሌላ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ። ይህን ማድረግ የማይመቸው ቤት ካለህ ሜዳው ላይ ተከራይተህ ተኩሰህ መልሰህ ግባ። የተከራዩት ጠመንጃ ከሁሉም ይረክሳል።

እና እዚያው ይቅር። ስትመጣ ጃኬት አምጣልን።

አሁን ሳቂው ልጅ። «የዐድዋ ልጅ» ያልከኝ። እስቲ ስለ ዐድዋ እናውራ።

በዚያ ዘመን ሰው በስሙ ይጠራቸው ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነው። ፈረንሳዮቹ በ1874 እ.ኤ.አ. የሠሩት፣ 11 ሚሊ ሜትር የሚጎርስ ግዙፍ ነገር። ስንት ጥይት ይጎርሳል? አንድ። ተኩሰህ፣ መቀርቀሪያውን ስበህ፣ ቀለሁን አውጥተህ፣ ሌላ ታጎርሳለህ። ጥይቱ ደግሞ እንዲሁ የሚጣል ነገር አልነበረም፤ ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ጥይት መሳት ማለት ብር መጣል ነበር። እነዚያ ሰዎች ኢላማ ያወቁት ጥይት በማዝነብ አይደለም፣ ጥይት በመቆጠብ ነው። አንተ በቪዲዮ እያየህ የምታደንቀው ሠላሳ ጥይት አንዴ የሚያርከፈክፈው ሰውዬ በእነሱ ዓይን አባካኝ ነው፤ ምናልባትም ጠመንጃውን ይቀሙት ነበር።

አያቶቻችን አንድ ጥይት ይዘው ትንፋሻቸውን ቆጥበው ያነጣጥሩ ነበር። ታዲያ ዛሬ ለዚያ ዓይነት ትዕግሥት የሚቀርበው የትኛው ነው? ክላሽ ነው ወይስ አንድ አንድ ፍሬ የሚጎርሰው፣ «የሕፃን መጫወቻ» ያልከው?

ደግሞ ስለ ሕፃን ካነሳን፣ ፓሪስ 2024ን አስታውስ። ያ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ያለ ብዙ ኮተት፣ በመደበኛ መነጽር ቆሞ የተኮሰው ቱርካዊ፣ ዩሱፍ ዲኬች፣ ፎቶውን አንተም ሼር አድርገኸዋል፤ ስታተስህ ላይ አይቻለሁ። በምን ነበር የተኮሰው? በአየር ሽጉጥ፣ በ10 ሜትር። ከጓደኛው ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር የብር ሜዳሊያ ወሰዱ። በዚያው ኦሎምፒክ በሴቶች የ10 ሜትር አየር ጠመንጃ ወርቅ የወሰደችው የደቡብ ኮሪያዋ ባን ህዮጂን 16 ዓመቷ ነበር። አሥራ ስድስት! የኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች እኩያ። ስፖርቱን ከጀመረች ሦስት ዓመት ገደማ ነበር።

የምትመታው ኢላማ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ? አስር ቁጥሯ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነች ነጥብ ናት፤ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ አንዴ ስትነካ የምትተዋት ነጥብ። ሙሉው ክብ ራሱ 45.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቆመህ፣ 60 ጊዜ። በ10 ሜትር ጉዞ ፍሬዋ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ትወርዳለች፣ የልብህ ምት ደግሞ አፈሙዙን ሊያወዛውዘው ይችላል። ና እንግዲህ ሳቅ። ሠላሳ ጥይት አዝንቦ በርሜል መምታት ማንም ይችላል፤ ከእነዚህ ስድሳዎቹ አስሯን በተከታታይ ንካልኝና የዐድዋ ልጅ ብዬ አጨበጭብልሃለሁ።

ስለዚህ እዚህ ለእኛ ምርጫው የአየር ጠመንጃ ነው የምለው ከድህነት አይደለም። ጥያቄዋን ስለሚመልስ ነው። 8 ጁል የያዘች የእርሳስ ፍሬ የት ትቆማለች? ወፍራም የብረት ሣጥን ውስጥ፣ አሮጌ ጨርቅ ተጠቅጥቆበት፣ በአንድ አዳራሽ ግድግዳ ፊት። አለቀ። የሚያስፈልገው አዳራሽ 10 ሜትርና ትንሽ መቆሚያ ነው፤ የመማሪያ ክፍል ከመሆን ብዙ አይርቅም። ድምፁ በር ዘግታችሁ መጽሐፍ ወለል ላይ እንደ መጣል ነው።

መግዛት ቢመጣ የትኛው? አፈሙዙን በመስበር ሞላው የሚወጠር፣ አንድ ፍሬ የሚጎርስ፣ 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ያለ ቴሌስኮፕ። «በሰከንድ 400 ሜትር» እያለ ካርቶኑ ላይ የሚፎክረውን ተዉት፤ ለ10 ሜትር ፍጥነት አያስፈልግም፣ እሱ ወፍ ገዳይ ለመሸጥ የተጻፈ ነው። ፍሬው ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ወረቀቱን እንደ ወረቀት መብሻ ቆርጦ ስለሚያልፍ ነጥቡ ይታያል። በ500 ታሽጎ ይሸጣል፤ ለአንድ ልጅ ብዙ ሳምንት ይበቃል። ግን ይህም ቢሆን ቤት ውስጥ፣ በግል፣ ለልጅ ልደት የሚገዛ ነገር አይደለም። 8 ጁል ዓይን ያጠፋል። መጀመሪያ ወፍ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ድመት፣ ቀጥሎ የወንድሙ ዓይን፤ መንገዱ እንደዚህ ነው። በክለብ ስም፣ ለፖሊስ በጽሑፍ ተጠይቆ በጽሑፍ መልስ ከተገኘ በኋላ፣ ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ሆኖ። ደላላ «ይሄ ፈቃድ አይፈልግም» ሲላችሁ ደላላው አብሯችሁ ጣቢያ እንደማይሄድ አስታውሱ።

እዚህ ላይ ከሦስቱም የበረታብኝን ተቃውሞ ላንሳ፤ እሱን ዘልዬ ባልፍ አጭበርባሪ እሆናለሁ። ሐሳቡን መምህራን ማረፊያ ውስጥ ስናወራ አንዲት ባልደረባዬ እንዲህ አለችኝ፦ «ይህ ከተማ የቀበራቸውን ልጆች እያወቅህ፣ ልጅ እጅ ላይ ጠመንጃ የሚመስል ነገር ታስይዛለህ? ሩጫ አነሰን? ኳስ አነሰን?»

ለዚህ ፈጣን መልስ የለኝም፤ ፈጣን መልስ ያለውንም ሰው አላምንም። በአንድ በኩል እነዚህ ልጆች ጠመንጃ ከእኛ አይማሩም። በዓል በመጣ ቁጥር በየሱቁ የላስቲክ ሽጉጥ ይሰቀላል፣ ስልካቸው ላይ ፐብጂና ፍሪ ፋየር አለ፣ መንገድ ላይ የታጠቀ ሰው ያያሉ። ያዩት ሁሉ ጠመንጃ ሰው ላይ ሲያነጣጥር ነው። የኢላማ ስፖርት የመጀመሪያ ትምህርት ደግሞ «አፈሙዝ ወደ ሰው አይዞርም፣ ባዶም ቢሆን፣ እንጨትም ቢሆን» የሚል ነው። ይህን ከማንም አልሰሙትም። በሌላ በኩል የእሷ ፍርሃት ከእኔ ክርክር በፊት እዚህ ከተማ ውስጥ ነበረ። ልጇን የቀበረች እናት የልጇን እኩያ አነጣጥሮ ቆሞ ስታይ ስለ ደቡብ ኮሪያ ብነግራት ምን ይረባታል?

እና መፍትሔ ያልኩት ይህ ነው፤ እሷም ሙሉ በሙሉ ባትስማማም «እሺ፣ ልየው» ብላኛለች። በጥይትም በእርሳስ ፍሬም አንጀምር። በብርሃን እንጀምር። ዘመናዊ ፔንታትሎን የሚባለው የኦሎምፒክ ስፖርት ሽጉጡን በሌዘር ከቀየረ ቆይቷል፤ ለንደን 2012 ላይ የተወዳደሩት በሌዘር ነው። እነሱ በሺህ ዶላር የሚያደርጉትን እኛ በአናጢ እናድርገው። ሰደፍ የሚመስል እንጨት፣ ክብደቱ 3 ኪሎ አካባቢ እንዲሆን ድንጋይ ወይም ብረት የታሰረበት። ክፍል ውስጥ ጀርባዬ ላይ እያበራችሁ የምታሾፉብኝ ያቺ ቀይ ሌዘር አፈሙዙ ላይ። ቃታ ቦታ የበር ደወል ማብሪያ፣ ሁለት ባትሪ፣ ሽቦ። 10 ሜትር ላይ በትክክለኛው ልክ የታተመ የወረቀት ኢላማ፣ ፊት ለፊቱ ስልክ ቪዲዮ እየቀረጸ። ቃታ ስትስቡ ቀይዋ ነጥብ የት እንዳረፈች፣ እንዴት እንደተንቀጠቀጠች ቪዲዮው ያሳያችኋል። እንዲያውም እውነተኛው ጠመንጃ የማያሳያችሁን ነው የሚያሳየው፤ ጥይት ያረፈበትን ብቻ ነው የምታዩት፣ ሌዘር ግን መንቀጥቀጡን ራሱን ይስለዋል። ለፊዚክስ ላብም ይሆናል፤ የትንፋሽን፣ የልብ ምትን፣ የክብደት ማዕከልን ነገር ከዚህ የተሻለ የማስተምርበት መንገድ የለኝም።

ከኢላማው ጀርባ ማን አለ? ግድግዳ። ድምፅ? የለም። አሁን የስፖርት ኃላፊ የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ (ሁለት ሦስት አላችሁ፣ አውቃለሁ) ከኳስና ከሩጫ ሌላ ስፖርት የሚል ማመልከቻ ሲመጣ «በጀት የለም» የምትሉትን ለዚህኛው አትሉትም፤ ምክንያቱም በጀት አልጠየቅንም። የምንጠይቀው ቅዳሜ ጠዋት የሚከፈት አንድ ረዘም ያለ ክፍል ነው። አንድ ዓመት በእንጨትና በብርሃን ሠርተን፣ አፈሙዝ ማዞር የማይረሳ ልጅ ካፈራን፣ ያኔ ስለ አየር ጠመንጃው ለፖሊስ የምንጽፈውን ደብዳቤ አብረን እንጽፋለን። ካላፈራን አንጽፍም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መጀመሪያውን እንጨት እንቆርጣለን። መምጣት የምትፈልጉ ኮሜንት ላይ ስማችሁን ጻፉ፤ ሴት ተማሪዎች በተለይ፣ ባን ህዮጂንን እያሰባችሁ ኑ። አናጢ አባት ወይም አጎት ያላችሁ ቁራጭ ጣውላ ለምኑ። አሮጌ የበር ደወል ያላችሁ አምጡ፣ ባይሠራም ማብሪያው ይበቃናል። ሌዘር ግን ማንም እንዳያመጣ። ገበያ ላይ ያሉት ኃይላቸው ያልተጻፈባቸው ናቸው፣ አንዳንዶቹ ዓይን ይጎዳሉ፤ እሱን ደካማውን መርጬ እኔ ራሴ አመጣለሁ።